ስለ መርየም ልጅ ስለ ዒሳ ስሞችና ለጎረቤት ስለሚሰጥ መልስ

ምስጋና አንድ ለሆነው ለአላህ ይድረስ፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው፥ ከእርሳቸውም በፊት በተላኩት ነቢያት ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፦

ውድ አንባቢ ሆይ! በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ሱቅ ከፍተህ የምትነግድ ሰው ከሆንህ፥ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ሳይቀርብልህ አይቀርም። ዓመት ሙሉ ከአንተ ዘንድ ጨውና ስኳር፥ ሳሙናና ጨርቅ የሚገዛ ክርስቲያን ደንበኛህ፥ ሚዛኑ እስኪረጋ ድረስ ክንዱን በባንኮኒው ላይ አስደግፎ፥ «ለመሆኑ ሐጂ፥ እናንተ ክርስቶስን ማን ነው ትላላችሁ?» ይልሃል። ነገር ፈልጎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ የሚበዛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ከእስላም ጎረቤት ጋር ኖሮ ይህን አንድ ነገር ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ይኸው ጥያቄ ለልጅህ በትምህርት ቤት፥ ለባለቤትህም ቡና በተጠራችበት ቤት ይቀርባል። በሠርግ ቀን የእስላም ሥጋ ለብቻው ታርዶ፥ ድስቱም ለብቻው ተጥዶ፥ በአንድ ዳስ ሥር አብረው የሚቀመጡ ሰዎች ስለ ሥጋው ሥርዓት አበጅተዋል፤ ስለ ነገሩ ሥር ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይባባላሉ።

በእኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት መልስ ተለምዷል፤ ሁለቱም አይረቡም። አንደኛው የገበያ መልስ ነው። ደንበኛው እንዳይቀየም፥ «ኧረ ምን ልዩነት አለን፤ ያው አንድ ነው» ተብሎ ነገሩ ይድበሰበሳል። ከዚህም አልፎ፥ ዕቃው ቶሎ እንዲነሣለት «ማርያምን!» ብሎ የሚምል እስላም ነጋዴ አይታጣም። ይህ ሰው ለሽያጭ ሲባል በአላህ ስም መማል እንኳ ምን ያህል የተነቀፈ እንደ ሆነ ዘንግቷል፤ መሐላ ዕቃን እንደሚያሸጥ፥ በረከትን ግን እንደሚያጠፋ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አስተምረዋልና። የደንበኛውንም እምነት አላከበረም፤ የማያምንበትን መሐላ ለጥቂት ብር ተከራየው እንጂ። ሁለተኛው የጓዳ መልስ ነው። በገበያ ዝም ያለው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ፥ በሩን ዘግቶ፥ ልጆቹ እየሰሙ የጎረቤቱን እምነት ያንቋሽሻል፤ ልጁም የሰማውን በማግስቱ በትምህርት ቤት ይደግመዋል። ቁርአን በሱረቱል አንዓም ከአላህ ሌላ የሚጠሩትን እንዳንሳደብ የከለከለን በከንቱ አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፥ ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአንድ ክርስቲያን ንጉሥ ፊት፥ የስደተኞች ሕይወት በመልሱ ላይ ተንጠልጥሎ፥ ለእስላሞች የቀረበው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ነገሩን የሚተርኩልን የምእመናን እናት ኡሙ ሰለማ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ሲሆኑ፥ እርሳቸውም ከመካ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ነበሩ፤ ትረካውንም ኢብን ኢስሐቅ መዝግበውታል። የመጀመሪያው ስደት በአውሮፓ አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ፤ እነርሱም ለንጉሡና ለመኳንንቱ ስጦታ የሚሆን ምርጥ ቆዳ ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ቀን አልተሳካላቸውም። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ሲያነቡ ንጉሡ አለቀሱ፤ ስደተኞቹንም አሳልፌ አልሰጥም አሉ። ዐምር ግን በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ተመልሶ የሠነዘረው አንዲት ቃል ናት፤ እነዚህ ሰዎች ዒሳን ‹ዐብድ› ይሏቸዋል፥ ይጠየቁ አለ።

ልብ በል! ዐምር አልዋሸም። እስላሞች ዒሳን በእርግጥ የአላህ ዐብድ ይሏቸዋል። ተንኮሉ ቃሉን ከቦታው ነቅሎ ብቻውን በማቅረቡ ላይ ነው። ስደተኞቹ ተሰብስበው ተማከሩ፤ አላህ የተናገረውንና ነቢያቸው ያመጡትን ሊናገሩ፥ የመጣው ይምጣ ብለው ቆረጡ። ጃዕፈርም በንጉሡ ፊት፥ ዒሳ የአላህ ዐብድና መልእክተኛ፥ ከእርሱም የሆነ መንፈስ፥ ወደ ድንግል መርየም የተጣለም ቃሉ መሆናቸውን ገለጹ። ዐብድ የምትለውን ቃል አልደበቋትም፤ ብቻዋንም አልተዉአትም። ንጉሡ አንዲት እንጨት ከመሬት አንሥተው በመካከላችን የእንጨቷን ያህል እንኳ ልዩነት የለም ሲሉ መኳንንቱ አጉረመረሙ። ለመልእክተኞቹ ግን ያ ሁሉ ቆዳ ተመለሰላቸው።

እንግዲህ በዚች ቃል ላይ ጥቂት እንቆይ፤ በአገራችን ከሌሎቹ ስሞች ሁሉ ይልቅ የምታስቸግር እርሷ ናትና። ሕፃኑ ዒሳ በእናታቸው እቅፍ ሳሉ አንደበታቸው ሲከፈት ስለ ራሳቸው የመሰከሩት የመጀመሪያው ስም ዐብዱላህ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ‹የአላህ ባሪያ› ይባላል። ይህ አመላለስ በመስጊድ ውስጥ ለእስላም ጆሮ አይከብድም፤ ሁላችንም በአላህ ፊት ባሮች ነን እንላለንና። በአዊ ገበያ ግን ‹ባሪያ› ሌላ ታሪክ ያላት ቃል ናት። ከአገው ምድር በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ የሚኖሩት የጉሙዝ ሰዎች ለብዙ ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደኑ ኖረዋል። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ባርነት በሕግ እስኪሻር ድረስ ሰው እንደ ከብት በዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በዚያም ንግድ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች እጅ ነበረበት፥ የእኛም ነጋዴዎች ከዚህ ንጹሕ አይደሉም። ዐዋጁ ንግዱን ሻረ፤ ስድቡን ግን አልሻረም። ስለዚህ በዚህ አገር «የእናንተ ክርስቶስ ባሪያ ነው» ብሎ የሚወረውር ሰው፥ ጃዕፈር የተናገሩትን የደገመ ይመስለዋል፤ የደገመው ግን ዐምር የተናገረውን ነው።

ለዚህ ቃል የሚስማማው ቋንቋ ከጎረቤታችን ቤት ይገኛል። ክርስቲያኑ የገዛ ልጁን ‹ገብረ እግዚአብሔር› ብሎ ይሰይማል። ገብር በግዕዝ አገልጋይ፥ ባሪያ ማለት ስለ ሆነ፥ ይህ ስም ከዐብዱላህ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ በዚህም ስም የሚያፍር ጎጃሜ የለም፥ ይኮራበታል እንጂ። ደግሞም በራሳቸው መጻሕፍት ይኸው ማዕረግ ለክርስቶስ ተነግሯል። ማቴዎስ በ12ኛው ምዕራፍ፥ ኢሳይያስ ስለ ተመረጠው የእግዚአብሔር አገልጋይ የተናገረውን ትንቢት በእርሱ ተፈጸመ ይላል። በሐዋርያት ሥራ በ3ኛውና በ4ኛው ምዕራፍም ሐዋርያት በዚሁ ስም ያነሡታል፤ የግሪኩ ቃል ልጅንም አገልጋይንም ስለሚያመለክት ተርጓሚዎች አንዱ እንዲህ፥ ሌላው እንዲያ ይመልሱታል። ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ስለ አገልጋይነቱ መልክ ይናገራል። ክርስቲያኑ ይህን ሲያነብ አምላክ ራሱን ዝቅ አደረገ ብሎ ይረዳዋል፤ እኛ ግን ዝቅ ያለ አምላክ ሳይሆን ከፍ ያለ አገልጋይ እናይበታለን። ልዩነቱ ይህ ነው፥ ትልቅም ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ስድብ አለመሆኑን ሁለታችን ከተስማማን በኋላ ቀሪውን ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ስም ‹ጌታ› ነው። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩ ይቆማል፤ ዐረብኛው ‹ረብ› እና ‹ሰይድ› ብሎ የለያቸውን አማርኛ በአንዲት ቃል ይጠቀልላቸዋልና። በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታተመው የቅዱስ ቁርአን የአማርኛ ትርጉም የዓለማት ፈጣሪ ‹ጌታ› ይባላል፤ አንተም አንድ ኪሎ ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሰው «እሺ ጌታዬ» ትለዋለህ። በዮሐንስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ሳምራዊቷ ሴት በጉድጓድ አጠገብ ያገኘችውን መንገደኛ፥ ማንነቱን ሳታውቅ፥ በዚሁ ቃል ትጠራዋለች፤ ይህ አክብሮት ነው፥ አምልኮ አይደለም። በዚያው ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ ቶማስ ያንኑ ቃል ሲናገር ግን አምላክ የሚለውን ይጨምርበታል፤ ክርስቲያኑም በጸሎቱ የሚጠራው በዚህኛው ትርጉም ነው። እንግዲህ «ጌታ ትሉታላችሁ ወይስ አትሉትም?» ተብለህ ብትጠየቅ፥ በየትኛው ጌታ ማለትህ ነው ብለህ መጠየቅ ይገባሃል። የተከበረ አለቃ ማለት ከሆነ፥ ቁርአን የዘካርያን ልጅ የሕያን ሰይድ ብሎ አክብሯቸዋልና ለዒሳም ይህን ክብር አንነፍግም፤ የዓለማት ፈጣሪ ማለት ከሆነ ግን እርሱ አላህ ብቻ ነው።

‹የሰው ልጅ› በሚለው ስም ላይ ደግሞ ከእኛ ወገን የሚቸኩሉ ብዙ ናቸው። ይህ ስም በአራቱ ወንጌሎች ሰማንያ ጊዜ ያህል ይገኛል፤ ከጥቂቱ በቀርም በራሱ በኢየሱስ አንደበት የተነገረ ነው። የግዕዙ ወንጌል ‹ወልደ እጓለ እመሕያው› ይለዋል፤ እጓለ እመሕያው የሕያዋን እናት ልጅ፥ ይኸውም የሐዋ ዘር፥ ሰው ማለት ነው። «እነሆ፥ ሰው ነኝ ብሎ ራሱ ተናግሯል» ብሎ ክርክሩን የሚዘጋ ወንድማችን ከፊሉን እውነት ይዟል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በመጽሐፋቸው ከዘጠና ጊዜ በላይ የሰው ልጅ ተብለዋልና። ሌላውን ከፊል ግን የደብሩ መሪጌታ ያውቀዋል። በዳንኤል መጽሐፍ በ7ኛው ምዕራፍ የሰው ልጅ የሚመስል በደመና ይመጣል፥ የማያልፍም ግዛት ይሰጠዋል። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ በኖረው በሄኖክ ደግሞ፥ የሰው ልጅ ፀሐይና ከዋክብት ሳይፈጠሩ ስሙ የተጠራ ፈራጅ ነው። ይህን ሳያውቅ ከመሪጌታው ጋር የሚከራከር ነጋዴ ሚዛን ሳይኖረው እህል ሊሸጥ የወጣን ሰው ይመስላል።

‹የእግዚአብሔር ልጅ› የሚለውም እንዲሁ ነው። እስራኤል በኦሪት ዘፀአት፥ የዳዊት ዙፋን ወራሽ በሳሙኤል መጽሐፍ፥ አዳም በሉቃስ፥ ሰላም የሚያደርጉ ሰዎች በማቴዎስ በዚህ ስም ተጠርተዋል፤ ይህን ማሳየት ተገቢ ነው። ነገር ግን የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ስለሚናገር፥ «እምነታችሁ በመጽሐፋችሁ ውስጥ መሠረት የለውም» ብሎ ለጎረቤት መናገር እውነት አይሆንም። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ሚስት አግብቶ ወለደ አይልም፤ እንደሚል አድርጎ መሳለቅም ፍትሕ አይደለም። እኛ የምንመሰክረው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ከአላህ የሚከፈል፥ በባሕርይም ከእርሱ ጋር የሚተካከል ማንም የለም። የክርስቲያኑም መጽሐፍ ከዒሳ አንደበት እንደ ወጣ ሳይለወጥ እንዳልደረሰን እናምናለን። ይህ እምነታችን ነው፤ ደንበኛህ ቢጠይቅህ አትሸሽገው። እርሱም በበኩሉ ያለውን ያልተናገረውን ሳትጨምርበት ስማው።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። ‹መሲሕ› የሚለው ስም በቁርአንም በወንጌልም ይገኛል፤ ትርጉሙም የተቀባ ማለት ነው፥ የግሪኩ ‹ክርስቶስ›ም ይኸው ነው። ለእስላምና ለክርስቲያን የጋራ ስለ ሆነ አያጣላም ትል ይሆናል። ክርስቲያኖችን እርስ በርሳቸው ግን ብዙ ዘመን አጣልቷል፤ ከሁሉም ይልቅ በጎጃም። የፖርቱጋል ካህናት አፄ ሱስንዮስን ወደ ሮማ ሃይማኖት ከመለሱና በ1632 በአውሮፓ አቆጣጠር ፋሲለደስ የቀድሞውን ሃይማኖት ካቆሙ በኋላ፥ የቀባው ማን ነው፥ የተቀባው ምኑ ነው፥ ቅባቱስ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የአገሩን ሊቃውንት ለሁለት መቶ ዓመት ከፈላቸው። በጎጃም ገዳማት ብዙ ተከታይ የነበረው ወገን በቅባት ከበረ አለ፤ ሌላው በተዋሕዶ ከበረ አለ፤ ሦስተኛውም ስለ ሦስት ልደት አስተማረ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ምኒልክ ባሉበት በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ነገሩን በተዋሕዶ ቆረጡት፤ የሦስት ልደት ትምህርትም ተወገዘ።

ይህ የእነርሱ የቤት ጠብ ነው ብለህ አትለፈው። በዚያው ጉባኤ ዘመን እስላሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ግን አሻፈረኝ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፥ ብዙ ሰውም ለዐይን ተጠምቆ በሌሊት ይሰግድ ነበር። በሰይፍ የተገኘ መልስ እንዲህ ያለ ነው፤ ጠያቂው የፈለገውን ቃል ይሰማል፥ እውነቱን ግን አያገኝም።

ደግሞ በጎረቤታችን ጠብ የምንስቅበት ምክንያት የለንም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ833 ዓ.ም. ኸሊፋው አል መእሙን፥ የአላህ ቃል የሆነው ቁርአን የተፈጠረ ነው ብለው እንዲያምኑ ዓሊሞችን በግድ መመርመር ጀመረ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ይህን አልልም ስላሉ ታሰሩ፤ በአል ሙዕተሲምም ጊዜ ተገረፉ። የገረፋቸውም እስላም ነው። የአላህ ቃል ከአላህ ጋር ምን ዝምድና አለው የሚለው ጥያቄ በባግዳድም እንደ ጎጃም ሰውን አስለቅሷል።

ስለ ‹ቃል› ካነሣን፥ በአማራ አገር የሚኖር እስላም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። የቤጌምድሩ ሼኽ ዘካርያስ ቁርአንን የተማሩ ሰው ነበሩ። ቁርአን ዒሳን የአላህ ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ስለሚላቸው፥ ከዚሁ ከቁርአን እየጠቀሱ ስለ ክርስቶስ መስበክ ጀመሩ፤ በ1910 በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠምቀው ነዋየ ክርስቶስ ተባሉ፥ ብዙ ተከታዮቻቸውም አብረዋቸው ተጠመቁ። ስማቸውን ማንሣት የሚያስከፋቸው ወንድሞች አሉ። እኔ ግን ዝም ማለቱ ይበልጥ የሚጎዳ ይመስለኛል፤ እርሳቸው የጠየቁት ዛሬም ይጠየቃልና። የዓሊሞቻችን መልስ እንዲህ ነው፦ አንድ ነገር የአላህ መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ የአላህ ክፍል ስለ ሆነ አይደለም። ካዕባ ቤቱላህ ይባላል፤ የነቢዩ ሷሊሕ ግመል የአላህ ግመል ተብላለች። የንጉሥ ፈረስ ከፈረሶች ሁሉ ይከበራል፤ ስለ ፈረስ ለአገው ሰው መንገር ባይገባም፥ ያ ፈረስ በባለቤቱ ይከበራል እንጂ ንጉሥ አይሆንም። ዒሳ ቃል መባላቸው ያለ አባት፥ ሁን በምትለዋ ትእዛዝ ስለ ተፈጠሩ ነው፤ መንፈሱም በአዳም ላይ እንደ ተነፋው ነው። ጎረቤትህ ቃል ሲል ከዘመናት በፊት የነበረውን ማለቱ ነውና፥ በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየተናገራችሁ እንደ ሆነ ሁለታችሁም ዕወቁት።

የሚያስደንቀው፥ እነርሱ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚጠሩበት ‹ተዋሕዶ› እኛም እምነታችንን የምንጠራበት ‹ተውሒድ› ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሥሩም አንድ መሆን ነው። ክርስቲያኑ መለኮትና ትስብእት በክርስቶስ አንድ ሆኑ ሲል፥ እስላም አላህ ከማንም ጋር ሳይቀላቀል አንድ ነው ይላል። ቃሉ ዘመድ፥ ሐሳቡ ባዕድ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ስትጠየቅ በአጭሩ እንዲህ ማለት ትችላለህ፦ «ዒሳ ከድንግል መርየም ያለ አባት የተወለዱ፥ መሲሕ የተባሉ፥ የአላህ አገልጋይና ነቢይ ናቸው። አናመልካቸውም፤ ስማቸውንም ያለ ሰላምታ አናነሣም። አንተ ከዚህ የሚበልጥ እንደምትል ዐውቃለሁ።» ስለ መስቀሉ ከጠየቀህም እንዳልተሰቀሉ እንደምናምን ንገረው፤ ሳይጠይቅህ ግን በዓርብ ስቅለት ቀን በራስህ አታንሣው። እኅቴ ሆይ፥ አንቺም በቡናው ላይ ይህንኑ በለዘበ አንደበት ተናገሪ፤ ለልጅሽም እንዲህ ብለሽ አስተምሪው፥ በትምህርት ቤት የሚደግመው ይህን ይሁን። ከደንበኞችህ አንዱ በዚህ መልስ ቢቀየምና ወደ ማዶው ሱቅ ቢሄድ፥ ያ ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ አይደለም ብዬ አልሸነግልህም።

ጃዕፈር ያን መልስ ከሰጡ በኋላ ሐበሻን ጥለው አልሄዱም። እስከ ኸይበር ዘመቻ ጊዜ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 628 ዓ.ም. ድረስ፥ ስለ ዒሳ የሚያምኑትን ቁርጥ አድርገው ባወቁ ክርስቲያኖች መካከል ኖሩ፤ ልጃቸውም ዐብዱላህ በዚሁ አገር ተወለደ። ወላሁ አዕለም።